ጥንብ አንሳን ማንሳት

አዲስ አበባ፣ ቄራ አካባቢ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ረጅም ሌንስ የተገጠመለት ካሜራውን ወደ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ አቅንቶ ቆሟል። በዚያ የሚያልፉ አንዲት እናት ቆም ብለው የሌንሱን አቅጣጫ በዐይናቸው ተከተሉና ጣሪያው ላይ የተደረደሩት ጥንብ አንሳዎች ዘንድ ደረሱ። «ልጄ፣ እሱ ጥንብ ያነሳል፤ አንተ ደግሞ እሱን ታነሳለህ?» ብለው ስቀው አለፉ።

ቢስቁ አይፈረድባቸውም። ሠርግና ምርቃት የሚያነሳ በየመንገዱ ሞልቷል፤ የአበሻ ቀሚስና የቡና ረከቦት የሚያነሳም አይጠፋም። ጥንብ አንሳ ግን ስሙ ራሱ አያስቀርብም። እዚያ ጣሪያ ላይ ከሚያርፉት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ኢትዮጵያን በጎበኘው ጀርመናዊ በኤድዋርድ ሩፔል ስም የሚጠራው ዝርያ ነው። የዚህ ዝርያ አንድ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1973 በአይቮሪ ኮስት ሰማይ፣ በ11,300 ሜትር ከፍታ ላይ ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቷል። እስከዛሬ ከዚያ በላይ ሲበር የተመዘገበ ወፍ የለም። አጠገቡ የሚቆመው፣ ፊቱ የተላጠ የሚመስለው ትንሹ ጥንብ አንሳ ደግሞ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊጠፉ ጫፍ ከደረሱ የዓለም ወፎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የአዲስ አበባ ሰው በየቀኑ ከራሱ በላይ ሲያንዣብብ የሚያየውን ወፍ ለማንሳት ከአውሮፓ ትኬት ቆርጠው የሚመጡ ሰዎች አሉ።

ስለ መሣሪያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከ400 ሚሊሜትር የማያንስ ሌንስ፣ እስከ ሴኮንድ 1/2000ኛ የሚፈጥን ሹተር፣ የሚንቀሳቀስን ነገር ሳያቋርጥ የሚከተል ፎከስ። ይኸው ነው። የሚያማርር ካለ ፈረንሳዊውን ኤቲየን ዡል ማሬን ያስታውስ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ጠመንጃ የሚመስል ካሜራ ሠርቶ፣ በሴኮንድ 12 ምስል እያነሳ የወፎችን አበራረር ያጠና ሰው ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተው ካሜራውን ገና ሳያነሳ፣ የሚቆምበትን ቦታ ሲመርጥ ነው። ወፍ አይቶ ይሮጣል። ወፉ ይሄዳል፤ ፎቶውም የጅራት ይሆናል። ትልልቅ አዳኝ ወፎች ልክ እንደ አውሮፕላን ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ነው የሚነሱት። ነፋሱን በጀርባው፣ ፀሐይንም በጀርባው አድርጎ የቆመ ሰው ወፉ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ዐይኑ ላይ አርፎ ይመጣለታል። ከመነሳቱ በፊት ደግሞ ምልክት ይሰጣል። ሰውነቱን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ክንፉን ከጎኑ ፈታ ያደርጋል፣ ብዙ ጊዜም ሸክም ለማቅለል ኩሱን ይጥላል። ኩስ ሲወርድ ያየ ሰው ጣቱን ሹተሩ ላይ ያድርግ። ስልኩን የሚነካካ ሰው ወፉ የሚያመልጠው ያን ጊዜ ነውና።

እንዲህ ያለ ብርሃን ያለ ድካም የሚሰጥ አንድ ቦታ አለ፤ የስሜን ተራሮች ገደል። ስለ ስሜን ሲወራ ዋልያና ጭላዳ ይነሳሉ፤ ስለ ገደሉ አቀማመጥ የሚያወራ ግን ጥቂት ነው። ዋናው ገደል ፊቱን ያዞረው ወደ ሰሜን ነው። ቦታው ደግሞ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ የምታልፈው በደቡብ በኩል ነው። እንግዲህ በበጋ እሜት ጎጎ ወይም ጨነቅ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ፀሐይን ከጀርባው ይዞ ይውላል። ገደሉ ራሱ ጥላ ውስጥ ነው። ወፉ ከዚያ ጥቁር ጥላ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ አፋፉን ሲያልፍ ብርሃን በአንድ ጊዜ ይመታዋል። እንዲህ ያለ መድረክ ተሠርቶም አይገኝ።

ነፋሱም ያግዛል። ገደሉን ሲመታ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወፎቹም እዚያ ሽቅብ ነፋስ ላይ ተደግፈው ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከሰው ዐይን ትክክል ይንሳፈፋሉ። ጅራቱ የዛገ ብረት የሚመስለው የደጋ ጭልፊት አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ በክር የተንጠለጠለ ይመስል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከሁሉ በላይ ግን እዚህ የወፉ ጀርባ ይታያል። በሌላው ዓለም የሚነሳው የአዳኝ ወፍ ፎቶ አብዛኛው ከታች ወደ ላይ፣ ሆድና ክንፍ ሥር ነው። ስሜን ላይ ሰው ከላይ ነው፤ ወፉ ከታች።

እዚህ ላይ ከከተማ ሰማይ ለምዶ የመጣ ሰው ይታለላል። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይለፋል። ነጭ ሰማይ ሲያይ ያጨልማል፣ ወፉም ከሰል ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ስቶፕ ያህል ብርሃን መጨመር ግድ ነው። ገደሉ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከወፉ ኋላ ያለው ገደል ጥቁር ስለሆነ ካሜራው ያበራል፣ የወፉ ነጣ ያለ ራስም ላባው ሳይለይ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። መቀነስ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቄራ ላይ የጨመረውን ሳይመልስ ጨነቅ ደርሶ አንድ ሙሉ ጠዋት ራስ የሌላቸው ወፎች ሲያነሳ ውሏል። ከእነዚያም ግማሾቹ ኋላ ሲታዩ ወፍራም ምንቃር ያለው ቁራ ነበሩ። ይህ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የለም፤ ክብር ይገባዋል፤ ግን ንስር አይደለም።

የገደሉ ባለቤት ጺማሙ አሞራ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ምንቃሩ ሥር ጥቁር ጺም ተንጠልጥሏል፤ ደረቱ ላይ ያለው የዝገት ቀለም ብረት ባለበት ጭቃ ከመታጠብ የመጣ ነው። የሚበላው በአብዛኛው አጥንት ነው። የማይዋጥለትን ይዞ ይወጣና ከ50 ሜትር በላይ ከፍታ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፤ እስኪሰበር ይመላለሳል። ፎቶ አንሺ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው። የሚሰብርበት ድንጋይ አይለዋወጥም፤ የአጥንት ስብርባሪ የተበተነበት ቋጥኝ ካገኙ ወፉን ማሳደድ ቀርቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ግን አልጠበቀም፤ ወፉ ራሱ መጣበት። ወደ ጎንደር ሲያቀና ላማልሞ አናት ላይ አሽከሮቹ የተቀቀለ የፍየል ሥጋ ከብበው ሲበሉ ይህ ወፍ ወርዶ እግሩን ከሚፈላው ድስት ነከረ። ተቃጥሎም አልሄደም፤ ከሌላው ሥጋ ሁለት ብልት ይዞ በረረ። ሲመለስ ብሩስ በጥይት ጣለው። በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስሙን ከአገሬው እንደሰማው «ንስር ወርቅ» ብሎ መዝግቦታል። ዛሬ ሳይንሱ ከጥንብ አንሳዎች ወገን ይመድበዋል።

ንስር ከተነሳ አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። በየመድረኩ የሚነገር ታሪክ አለ፤ ንስር 40 ዓመት ሲሞላው ተራራ ወጥቶ ምንቃሩን ከዓለት ያጋጫል፣ ጥፍሩንና ላባውን ይነቅላል፣ ከ5 ወር በኋላ ታድሶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል። ለስብከት ያምራል፤ እውነትነት ግን የለውም። ምንቃር የሌለው ንስር 5 ወር ቀርቶ 5 ሳምንት አይሰነብትም። ማስረጃው ያለው ደግሞ በበረራ ላይ በተነሳ ፎቶ ውስጥ ነው። ፎቶውን አጉልቶ ክንፉን የተመለከተ ሰው ጠቆር ያለ አዲስ ላባ ከደበዘዘ አሮጌ ላባ ጎን ያያል፤ በመሃል የወደቀ ጥርስ የሚመስል ክፍተትም አለ። ንስር የሚታደሰው አንድ ሁለት ላባ እየጣለ፣ አደኑን ሳያቋርጥ ነው፤ የክንፉን ላባ በሙሉ ለመቀየርም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

ጉጉት ሌላ ዓለም ነው። የክንፉ ፊተኛ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው፤ ነፋሱን እየከፋፈለ ድምፁን ያጠፋዋል። እንደ ንስር ሽቅብ ነፋስ አይጠብቅም፤ ከቅርንጫፉ ሲነሳም ኮሽታ አይሰማም። ፎቶ አንሺ የሚያውቀው ከሄደ በኋላ ነው። በምሽት ብርሃን 1/2000ኛ የማይታሰብ ስለሆነ አይኤስኦውን ከፍ አድርጎ፣ ሹተሩን አዘግይቶ፣ ከተበላሸው ውስጥ አንድ ደህና ማግኘት ነው ሥራው። ፍላሽ አይተኮስበት።

ባሌ፣ ዲንሾ ላይ በኮሶና በጽድ ዛፎች መሃል ቀን ቀን የሚተኛ ባለ ረጅም ጆሮ ጉጉት አለ፤ በሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ አቢሲኒያ የሚል አለበት። ጆሮ የሚባለው በእርግጥ ላባ ነው። አንድ ጊዜ ከጎብኚዎች አንዱ «ሲበር እንየው» ብሎ ጠጠር ወረወረ። ጉጉቱ በረረ፤ ትናንሽ ወፎች ጮኸው እየተከተሉ ከዛፍ ዛፍ አባረሩት። የተገኘው ፎቶ ብዥ ያለ ቡናማ ነገር ነው። ጉጉት የጮኸበት ሰው ይሞታል እየተባለ ወፉ በሚወገርበት አገር ደግሞ አንድ ጠጠር ከፎቶ አንሺ መጨመሩ ያሳፍራል። ወደ ጎጆ መጠጋትም ዋጋ አለው። እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ኤሪክ ሆስኪንግ በ1937 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ በጨለማ ወደ ጉጉት ጎጆ ሲቀርብ በጥፍር ተመትቶ ግራ ዐይኑን አጥቷል። ዝናው የወጣበትን፣ አይጥ በአፉ ይዞ ክንፉን የዘረጋ ጉጉት ፎቶ ያነሳው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በቀረችው ዐይኑ ነው።

ለልምምድ ስሜንም ባሌም መሄድ አያስፈልግም። የአዲስ አበባ ጭላት ቀኑን ሙሉ ጅራቱን እንደ መሪ እያዞረ በሥጋ ቤት ደጃፍ ያንዣብባል፤ ቢያመልጥ ከደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ጥንብ አንሳ ግን ከባድ ስለሆነ መሬቱ እስኪሞቅ ይጠብቃል፤ ማልዶ መነሳት ትርፉ ብርድ ነው። እኒያ እናት ባለፉበት ጠዋት የመጀመሪያው ጥንብ አንሳ ኩሱን ጥሎ የተነሳው ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ነፋሱ ከወዲያ በኩል ይነፍስ ስለነበር የተገኘው ፎቶ ጅራቱ ብቻ ነው።