በዘበኛው ቤት የተደበቀ ሌባ

አንባቢዎች ሆይ፤ በደጋው አገራችን ቍንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ ፊቱ ላይ የወጣበትን ልጅ ሳታዩ አልቀራችሁም። በሽታው አይገድልም፤ ጠባሳው ግን ከባለቤቱ ጋር ያረጃል።

የበሽታው ምክንያት ሌይሽማኒያ የሚባል፥ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። በእኛ አገር በሽኮኮ ገላ ይኖራል፤ ከሽኮኮውም ወደ ሰው የምታጋባው የአሸዋ ዝንብ ናት።

የሚያስደንቀው የሚደበቅበት ስፍራ ነው። በሥጋችን ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ ዘበኛ ሴሎች አሉ። ሥራቸውም ባዕድ የሆነውን ነገር ሁሉ ውጠው፥ በውስጣቸው ባለች ኮምጣጣ ከረጢት ማሟሟት ነው። ሩሲያዊው ሊቅ ሜችኒኮፍ የእነዚህን ዋጭ ሴሎች ሥራ ገልጦ በማሳየቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀብሏል። ሌይሽማኒያ ግን ቢዋጥም አይሞትም፤ በዚያችው ከረጢት ውስጥ ይራባል። ሌባው ከዘበኛው ቤት አደረ ማለት ነው!

ስለዚህ መድኃኒቱ ዘበኛውን ሳይገድል ወደ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ከአንቲሞን የሚሠራው መርፌ ለብዙ ዘመን ሲያገለግል ኖሯል፤ ነገር ግን ያማል፥ ልብንም ሊጎዳ ይችላል።

ሊቃውንት ከሚመረምሯቸው ነገሮች አንዱ ካይቶሳን ነው። ይኸውም ከሸርጣንና ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚገኝ ፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት ረቂቅ ቅንጣቶች እንደ መቍጠሪያ ተያይዘው የሠሩት ረዥም ሰንሰለት ነው።

ታዲያ እንዴት ይገባል? ማክሮፋጅ በዙሪያው ያለውን ፈሳሽ ዘወትር በጥቂት በጥቂቱ ይጎነጫል። ካይቶሳንም ከዚሁ ፈሳሽ ጋር አብሮ ገብቶ፥ ጥገኛው ከተደበቀባት ከረጢት ይደርሳል። የከረጢቲቱም ኮምጣጣነት ለካይቶሳን አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ኀይል ይሰጠዋል። የጥገኛው ሽፋን አሉታዊ ስለ ሆነ ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ በዚህም ሽፋኑ ይናጋል ተብሎ ይታሰባል። ጥገኛው የተመቻቸበት ኮምጣጣ ስፍራ ለጠላቱ ጕልበት ሆነ!

በለንደን የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች በ2020 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) ባወጡት ጥናት ካይቶሳን ጥገኛውን በማክሮፋጅ ውስጥ እንደሚገድል፥ በኮምጣጣ ፈሳሽም ይበልጥ እንደሚበረታ አሳይተዋል።

ሆኖም ይህ የተፈተነው በላቦራቶሪ ብልቃጥ ነው። የተፈተኑትም ሜጀርና ሜክሲካና የተባሉት የሌይሽማኒያ ዓይነቶች ናቸው፤ የደጋችን ቍንጭር ዋና ምክንያት ግን ኤቲዮፒካ የሚባለው ነው። ከብልቃጥ እስከ ሰው ገላ ያለው መንገድ ረዥም ነው።

እስከዚያው ድረስ፥ አንባቢዎች ሆይ፤ በልጃችሁ ፊት ላይ የማይድን ቍስል ብታዩ በእሳት አትተኵሱት። ጠባሳው ሳይሰፋ ወደ ሐኪም ውሰዱት።