ላም ወተቷን ለምን ትይዛለች?

አንድ የወተት አምራቾች ማኅበር «ይህች ላም ነጥፋለች፤ እንሽጣት ወይ?» ሲል ምክር ጠየቀን። ላሟ ከወለደች ገና ሦስተኛ ወሯ ነው፤ መኖዋም አልጎደለም። ማለዳ በረት ገብተን ስንመለከት ግቷ ሞልቷል። የቀድሞዋ አላቢ ታማ የተተካው ሰው ግን እግሯን ጠፍሮ፣ በዱላ እያስፈራራ ነበር የሚያልባት።

ወተቱ አለ፤ የጎደለው የሚያስለቅቀው ሆርሞን ነው። ይኸውም ኦክሲቶሲን ይባላል፤ ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች ተያይዘው የሚገኝ ሲሆን፣ የሚሠራው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ተከማችቶ የሚቆየው ግን ከዚያ ሥር በተንጠለጠለችው ፒቱታሪ በምትባል ትንሽ ዕጢ የኋለኛ ክፍል ነው። (ከዚሁ ጎተራ የሚወጣው ቫዞፕሬሲን ኩላሊት ውኃ እንዲቆጥብ ያደርጋል፤ ለዛሬ እንለፈው።)

ጥጃው ጡት ሲጎሽም፣ ወይም አላቢው ለብ ባለ ውኃና በንጹሕ ጨርቅ ጡቱን ሲያሽ፣ መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይደርሳል፤ ዕጢዋም ያከማቸችውን ወደ ደም ትለቃለች። ሆርሞኑ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግት ደርሶ፣ ወተት የቋጠሩትን ጥቃቅን ከረጢቶች የከበቡትን ሕዋሳት ያኮማትራል፤ ወተቱም ይወርዳል። ኃይሉ የሚቆየው ግን ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ጡቱን አሽቶ ማለቢያ ፍለጋ የሚሄድ አላቢ ይህን ጊዜ በከንቱ ያሳልፈዋል፤ ግት ውስጥ የሚቀረው የመጨረሻው ወተት ደግሞ ቅባቱ የበዛው ነው።

ድንጋጤም ያግደዋል። ኤሊና ፒተርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1941 ላሞችን በማስደንገጥና አድሬናሊን በመውጋት ይህን አሳይተዋል። ከአገራችን ላሞች ብዙዎቹ ጥጃቸውን ካላዩ ወተት አይለቁም። ገበሬው ጥጃ ሲሞትበት ቆዳውን ገለባ ሞልቶ በላሟ ፊት የሚያቆመው ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። የሆርሞኑን ስም ያወቅነው እኛ ብንሆንም ሥራውን ቀድሞ ያወቀው እርሱ ነው።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ «መርፌውስ?» አሉን። ኦክሲቶሲን እ.ኤ.አ. በ1953 በቤተ ሙከራ ስለተሠራ በመርፌ ይገኛል። ሆኖም በየዕለቱ የተወጋች ላም መርፌው ሲቀር በራሷ የምትለቀው ወተት ይቀንሳል። ስለዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳትወጉ እንመክራለን።

ላሟ አልተሸጠችም። ጠፍሩና ዱላው ቀርተው ጥጃዋ አስቀድሞ እየጠባ፣ በአንድ ሰው እጅ በተወሰነ ሰዓት እንድትታለብ አደረግን። በአምስተኛው ቀን ቆማ እያመሰኳች ታለበች።