ፎርሙ የሚጠይቀው ምን ተለወጠ ብሎ ነው

አሜሪካ ውስጥ በዲሰቢሊቲ (በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት ለማይችል በሚሰጥ ክፍያ) የሚተዳደር ሰው አንድ ጊዜ ስለተፈቀደለት ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ሶሻል ሴኩሪቲ ፋይሉን እየመለሰ ያየዋል፤ ይሻለዋል የተባለውን ከ6 እስከ 18 ወር ውስጥ፣ ሊሻለውም ላይሻለውም ይችላል የተባለውን በየ3 ዓመቱ ገደማ፣ ለውጥ የማይጠበቅበትን ደግሞ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ጊዜ። የግምገማው ፎርም በፖስታ ሲመጣ ቤቱ ይደነግጣል፤ እንግሊዝኛ የሚችል ልጅ ወይም የእህት ልጅ ይጠራና በአንድ ምሽት ሞልቶ ይገላገላል። ሥራው ግን ከቋንቋው ይልቅ የሚከብደው በሌላ በኩል ነው፤ የዛሬውን ጤና ካለፈው ውሳኔ ጊዜ ጋር በማስተያየቱ።

ይህ ማስተያየት የሕጉ መሠረት ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ግምገማው ሲጠብቅ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ክፍያቸው ተቋረጠ፤ ብዙዎቹ ሕመማቸው ምንም ሳይቀንስ። ቁጣው ኮንግረስ ድረስ ዘለቀና የ1984ቱ ማሻሻያ ያለ አንድ የተቃውሞ ድምፅ አለፈ። ከዚያ ወዲህ፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ክፍያ የሚቋረጠው ሕመሙ ካለፈው ውሳኔ ወዲህ መሻሻሉና ሰውየውን ለሥራ የሚያበቃው መሆኑ ሲታይ ነው። እንግዲህ እስክሪብቶ ከማንሳት በፊት ያለፈው ፎርም ቅጂና የውሳኔው ደብዳቤ ከመሳቢያ መውጣት አለባቸው።

አጭሩ ፎርም፣ 455 የሚባለው፣ ያለፉትን 2 ዓመታት ይጠይቃል፦ ሠርተዋል? ሐኪም ሥራ መሥራት ይችላሉ ብሎዎታል? ሆስፒታል ተኝተዋል? ጤናዎ ተሽሏል፣ ያው ነው ወይስ ብሶብዎታል? የእኛን ሰው የሚጥለው ይኸኛው ነው። «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ለጠያቂ ዘመድ የሚሰጥ ጨዋ መልስ ነው፤ ፎርሙ ላይ ሲሰፍር ግን «ተሽሎኛል» ሆኖ ይነበባል። ረጅሙ ፎርም፣ 454፣ የዕለት ኑሮን ይጠይቃል። «ምግብ ያበስላሉ?» ሲባል እናት «አዎ» ይላሉ። ሽንኩርቱን ቁጭ ብለው መክተፋቸውን፣ ድስቱን ግን ልጃቸው እንደሚያወርድላቸው፣ ከዚያ በኋላም ጋደም ሳይሉ ቡና ማፍላት እንደማይሆንላቸው የሚያወጣው ደጋግሞ የጠየቀ ረዳት ብቻ ነው።

ይህ ማጋነን አይሆንም ወይ የሚል ይኖራል። ማጋነንማ ያስቀጣል፤ አውቆ ሐሰት መጻፍ ወንጀል ነው፣ የሐኪሙም መዝገብ ጎን ለጎን ይነበባል። በእውነት የተሻለ ነገር ካለ ይጻፍ። እኔ የምለው ልጓሙ በሁለቱም በኩል ይያዝ ነው፤ ሕመምን ማሳነስም ያው ሐሰት ነው፣ ጨዋነት ቢመስልም። «ልጁ ካለ አስተርጓሚ ምን ያደርጋል?» ለሚል ደግሞ መልሴ ሌላ ነው። ሽንት አለመቆጣጠርን፣ ጭንቀትን፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሐሳብን እናት ለወንድ ልጃቸው አይናገሩም። መሥሪያ ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ ያቀርባል፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

የተሞላው ፎርም ቅጂ ይቀመጥ፤ ለሚቀጥለው ግምገማ ያስፈልጋል። ክፍያው ይቆማል የሚል ደብዳቤ ከመጣም ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለ፤ ይግባኙ እስኪታይ ክፍያው እንዲቀጥል ለመጠየቅ ግን 10 ቀን ብቻ ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ በ5ኛው ቀን እንደደረሰ ይቆጠራል። በመጨረሻ ከተረቱ በመካከል የተከፈለው ገንዘብ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይግባኙ በቅን ልቦና የቀረበ ከሆነ ግን ዕዳው እንዲቀር ማመልከት ይቻላል።