ተጨማሪ መረጃ፦ «ታክሲ» እና «ባጃጅ»

«ታክሲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣው የጉዞውን ሒሳብ ከሚቆጥረው መሣሪያ፣ ከ«ታክሲሜትር» ነው። እንግሊዞች ታክሲ ሲሉ በኮንትራት የሚያዘውን መኪና ማለታቸው ነው፤ «ካብ» ተመሳሳዩ ነው። እኛ ግን ረዳቱ «ሞላ!» እስኪል የምንጠጋጋበትን ሚኒባስም ታክሲ እንላለን። ለእንግዳ ስታስረዱ «ሚኒባስ» ማለት ይሻላል።

በወልቂጤና በቡታጅራ መንገዶች ደግሞ ባጃጅ አለ። ባጃጅ የሕንድ ፋብሪካ ስም ነው፤ ከአገራችን ውጭ ብዙዎች ተሽከርካሪውን «ቱክቱክ»፣ ሕንዶች «አውቶ» ይሉታል። ስለ ከተማችሁ በእንግሊዝኛ ድርሰት ስትጽፉ ግን «ባጃጅ» የሚለውን አትሰርዙት። ቃሉ የሰፈራችሁ ነው፤ ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ መሆኑን በአንድ ሐረግ ማብራራት ይበቃል።