ሳይጠይቅ የሚጫን ኮምፒውተር

ዳንግላም ሆነ እንጅባራ ኮምፒውተር ቤት ገብቶ «ፎርማት አድርግልኝ» የሚል ደንበኛ ዲስኩ ባዶ እንዲሆንለት ፈልጎ አይደለም። ኮምፒውተሩ ከነጽሑፍ ማቀናበሪያው፣ ከነአማርኛ መጻፊያው፣ ከነፕሪንተሩ ድራይቨር ተሟልቶ እንዲመለስለት ነው የሚፈልገው። ባለሙያው ፍላሽ ይሰካል፤ ቋንቋ ይመርጣል፣ ዲስክ ይመርጣል፣ የይለፍ ቃል ይሞላል፣ «ቀጥል» ይላል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከገባ በኋላ ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ መጫን ይጀምራል፤ ሰዓቱን የሚበላውም ይኸኛው ነው። ለአንድ ላፕቶፕ ይህ አይከብድም። ኮምፒውተሮቹ 40 ሲሆኑ ግን ድካሙ አንድ ነገር ሆኖ፣ የባሰው ችግር 40ዎቹ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። በአንዱ የአማርኛ ፎንት ይረሳል፣ በሌላው የፓይተን ስሪት ይለያል፣ በሦስተኛው ማንም ያላዘዘው ጨዋታ ይገባል።

ኮምፒውተሮችን አንድ ዓይነት ማድረግ ዳንግላና እንጅባራ በሚገኙበት በአዊ ዞን የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከአዳዲሶቹ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናቸውን በኮምፒውተር ይወስዳሉ፤ በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም በከፊል ወደ ኦንላይን ገብቷል። ፈተና የሚሰጥበት ኮምፒውተር እንደ ጎረቤቱ ካልሆነ ተማሪው የሚከሰሰው ባላጠፋው ነው። ስለዚህ «በዚህ ክፍል ባሉት ማሽኖች ላይ ምን ምን ተጭኗል?» ለሚለው ጥያቄ «ይመስለኛል» የማይል መልስ ያስፈልጋል።

መልሱ አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሰን ማይክሮሲስተምስ ሶላሪስ ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጃምፕስታርት የተባለውን ዘዴ በ1990ዎቹ አቅርቦ ነበር (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ለውጭ ጉዳይ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው)። የሊኑክሱ ኩባንያ ሬድ ሃት በኪክስታርት ተከተለው። በ1999 መጨረሻ በጀርመን የኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ቶማስ ላንገ ፋይ የተባለውን ሙሉ በሙሉ ራሱን የሚጭን ሥርዓት አወጣ። ዴቢያን የተባለው ሊኑክስ በሰኔ 2005 ከወጣው 3.1 ስሪቱ ጋር ፕሪሲድን ይዞ መጣ፤ ኡቡንቱ የተባለው ሊኑክስም በ2020 በ20.04 ሰርቨሩ ወደ አውቶኢንስቶል ተሻገረ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም የሚያደርጉት አንድ ነው፤ ጫኚው የሚጠይቀውን ጥያቄ ሰው አስቀድሞ ይመልሳል።

የዴቢያኑን ጠጋ ብለን እንየው፤ ውስጡ ከሌሎቹ ይልቅ ግልጽ ነው። የዴቢያን ጫኚ የሚያቀርበው እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ስም አለው። ጥያቄዎቹን የሚይዘው ዴብኮንፍ የሚባል ክፍል ነው፤ ለእያንዳንዳቸውም ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ወይም ወሳኝ የሚል ደረጃ ይሰጣል። ፕሪሲድ ፋይል ውስጥ ለአንድ ጥያቄ አንድ መስመር ይጻፋል፤ ጥያቄው የማን ነው፣ ስሙ ማን ነው፣ መልሱ ምን ዓይነት ነው፣ በመጨረሻም መልሱ ራሱ። ጫኚው እዚያ ጥያቄ ላይ ሲደርስ መልሱን ካገኘ ስክሪኑን እንኳ ሳያሳይ ያልፋል። ካላገኘና የጥያቄው ደረጃ ከፍ ያለ ከሆነ ቆሞ ይጠይቃል፤ ደረጃው ዝቅ ያለ ከሆነ ነባሪውን መልስ ወስዶ ያልፋል። ሁሉንም መመለስ ግዴታ አይደለም፤ ሰው እንዲወስንበት የተፈለገውን ክፍት መተው ይቻላል።

የሶፍትዌር ምርጫው በዚህ ፋይል ውስጥ በሁለት መስመር ያልቃል። የመጀመሪያው ታስክሴል ለሚባለው ፕሮግራም የሚነገር ሲሆን ጅምላ ምርጫ ነው፤ «የዴስክቶፕ ስብስቡን»፣ «የዌብ ሰርቨር ስብስቡን» ይለዋል። ሁለተኛው መስመር ፓኬጆችን በስም እየጠራ ይዘረዝራል። በኪክስታርት ደግሞ ከፓኬጁ ስም ፊት የመቀነስ ምልክት ከተደረገ «ይህ እንዳይገባ» ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ትንሽ ሰረዝ ነው፤ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ዋናው ጥበብ የሚቀረውን ማወቅ ስለሆነ።

ሁለት መስመር የሚበቃው ከስሙ ኋላ ያለውን ሥራ አፕት የሚባለው የዴቢያን ፓኬጅ አስተዳዳሪ ስለሚሠራው ነው። ዶሮ ወጥ ያዘዘ ሰው ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ብሎ አይዘረዝርም፤ ወጥ ቤቷ ታውቀዋለች። እያንዳንዱ ፓኬጅም ያለ እነማን እንደማይሠራ፣ ከእነማን ጋር እንደሚጣላ፣ እነማን ቢኖሩለት እንደሚሻል ተጽፎበታል። በነሐሴ 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ከ69 ሺህ በላይ ፓኬጆች አሉት፤ ከእነዚህ ውስጥ እርስ በርስ የማይጋጭ ስብስብ ማግኘት ቀላል ስሌት አይደለም። በአውሮፓ ኤዶስ በሚባል ፕሮጀክት የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች በ2006 እንዳሳዩት ጥያቄው በኮምፒውተር ሳይንስ እጅግ አስቸጋሪ ከሚባሉት ጎራ ይመደባል። በተግባር ግን አፕት በሰከንዶች ይጨርሰዋል። ጥንቃቄ የሚሻው «ቢኖሩ ይሻላል» የሚባሉት ላይ ነው። አፕት እነሱንም በነባሪነት ስለሚጭን፣ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም የጠራ ሰው ብዙ ያልጠራቸውን ያስገባል። 4 ጊጋባይት ራም ላለው የላቦራቶሪ (ላብ) ኮምፒውተር እኔ ይህን አዘጋው ነበር፤ ከዚያ የሚያስፈልጉትን በስማቸው እጠራቸዋለሁ።

ፓኬጆች ራሳቸውም ይጠይቃሉ። የኔትወርክ መምህራን የሚወዱት ዋየርሻርክ ሲጫን «አስተዳዳሪ ያልሆነ ተጠቃሚ የኔትወርኩን ትራፊክ እንዲይዝ ይፈቀድ?» ይላል፤ ነባሪ መልሱ አይፈቀድም ነው። ጭነቱ በራሱ ሲሄድ ይህን ጥያቄ ማንም አያየውም። ተማሪዎቹ ክፍል ገብተው ፕሮግራሙን ሲከፍቱት ባዶ ዝርዝር ያገኛሉ፤ መምህሩም ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል። መልሱን በዚያው ፋይል አንድ መስመር ጨምሮ መስጠት ይቻላል።

አማርኛ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ባዕድ አይደለም። የዴቢያን ግራፊካል ጫኚ የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አለ። እሱ ከተመረጠ ታስክሴል የአማርኛውን ስብስብ ማንም ሳያዘው ይጨምራል፤ ማለትም አንዱ መልስ ሌላውን ምርጫ ይጎትታል። ከዚህ በስተጀርባ የቆየ የኢትዮጵያውያን ሥራ አለ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ በ1990ዎቹ ሰራ የተባለውን ግዕዝን በላቲን ቁልፍ የመጻፊያ ሥርዓት አቀረቡ፤ ዛሬም በሊኑክስ ላይ በላቲን ፊደላት አማርኛ የምንጽፍበት አንዱ መንገድ በዚሁ ስም ይጠራል። ሥርዓቱ የአማርኛ የቀን፣ የወርና የገንዘብ አጻጻፍን የሚያውቅበት ፋይልም የግዕዝ ፍሮንቲር ፋውንዴሽን አሻራ አለበት። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት፣ የአስፔል የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የሊብሬኦፊስ የአማርኛ ገጽታ ሁሉም በየስማቸው እንደ ፓኬጅ ይጠራሉ።

አውኚ ላይ ስንደርስ ሰንሰለቱ ይቋረጣል። የአዊ ሕዝብ ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ይጻፋል፣ በዞኑ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ይሰጣል፤ በጫኚው የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ በቋንቋ ላይ የተመሠረተው ራስ ሰር ምርጫ ለአውኚ መምህር የሚያመጣለት ነገር የለም። መፍትሔው ግን እጅ ላይ ነው። ለአማርኛ የሚመጣው የግዕዝ ፎንት የአውኚንም ፊደላት ያሳያል፤ ፎንቱንና መጻፊያውን በሁለተኛው መስመር በስም መጥራት ነው። ይህን እንጅባራ ወይም ዳንግላ ያለ ሰው ካልጻፈው ሌላ አገር የተቀመጠ የፓኬጅ አዘጋጅ አይጽፈውም።

በጭነት ዲስኩ ላይ የሚገኙት ፓኬጆች በምን እንደሚመረጡ ማየትም ይጠቅማል። ዴቢያን ፖፑላሪቲ ኮንቴስት የሚባል ፕሮግራም አለው። ባለቤቱ ከፈቀደ ኮምፒውተሩ የትኞቹን ፓኬጆች እንደሚጠቀም በየሳምንቱ ይልካል፤ ድምሩም በመጀመሪያው የጭነት ዲስክ ላይ የትኞቹ ፓኬጆች ቅድሚያ እንደሚያገኙ ለመወሰን ያገለግላል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ኮምፒውተር በዚህ አይቆጠርም። የሚገርመው፣ ዲስኩ ላይ ባለው ብቻ የሚተዳደረውም ይኸው ያልተቆጠረው ነው።

የኢንተርኔት ጉዳይ በእኛ አካባቢ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቶ ነበር፤ መስመር ባለበት ጊዜም ቢሆን እያንዳንዱ ኮምፒውተር 2 ጊጋባይት ቢያወርድ 40ው 80 ጊጋባይት ይሆናል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መሣሪያ አለ፤ አፕት ካቸር ኤንጂ ይባላል። በላቡ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ማሽን ያወረደውን ፓኬጅ ይዞ ለተቀሩት 39 ከቤት ውስጥ ያድላል። ፕሪሲድ ፋይሉ ውስጥ የፕሮክሲ አድራሻው ከተጻፈ በቂ ነው። ጭራሽ መስመር ከሌለ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ የፓኬጆቹን ማከማቻ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ በአውቶቡስ ማምጣት ይቻላል። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት የሚያዩ አሉ፤ እኔ አላይም፤ አንድ ቴራባይት ዲስክ ጭኖ ዳንግላ የሚደርስ አውቶቡስ ፍጥነቱ አይናቅም።

«ይህን ሁሉ ከምንጽፍ አንዱን ኮምፒውተር አሳምረን ክሎን ብናደርገውስ?» የሚል ይኖራል። ብዙ ኮምፒውተር ቤት ጎስት በሚባል ፕሮግራም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ፈጣንም ነው። ግን የተገለበጠው የዲስክ ምስል ውስጥ ምን እንዳለ ከወር በኋላ የሚያስታውሰው የለም። የማሽኑ መለያ ቁጥር ሳይቀር አብሮ ስለሚገለበጥ ኔትወርክ ላይ መንታ ይፈጠራል። ከሁሉም በላይ፣ ላቡ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ከተለያየ ጨረታና እርዳታ የመጡ ከሆነ ለአንዱ የተሠራው ምስል ለሌላው ዋይፋይ አይሆንም። የጽሑፉ ዘዴ እዚህ ላይ ይሻላል፤ ጫኚው እያንዳንዱን ማሽን ራሱ ይመረምራል። በ2022 የዴቢያን አባላት በድምፅ ከወሰኑ በኋላ፣ ከዴቢያን 12 ጀምሮ እንደ ዋይፋይ ካርድ ያሉ ዕቃዎች የሚሹት ፈርምዌር በጫኚው ውስጥ ይገኛል። ኢዘንክራም የሚባል መሣሪያ ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካውን ዕቃ መለያ እያነበበ ተስማሚውን ፓኬጅ ያቀርባል። የፋይ አሠራር ከዚህም ይራቀቃል፤ ማሽኖችን «ላብ»፣ «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ቢሮ» እያለ በክፍል ይመድባል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዝርዝር አለው፤ አንድ ማሽንም የብዙ ክፍል አባል መሆን ይችላል።

ዊንዶውስስ? አብዛኛው መሥሪያ ቤት የሚሠራበት እሱ ስለሆነ ማለፍ አይቻልም። ከቪስታ ወዲህ ያለው ዊንዶውስ በፍላሹ ዋና ማህደር ውስጥ የተቀመጠ የመልስ ፋይል ካገኘ ያለ ጥያቄ ይጫናል። ፕሮግራሞቹ ግን በሌላ በኩል ነው የሚመጡት፤ ዊንጌት የተባለው መሣሪያ የአንዱን ማሽን ዝርዝር አውጥቶ በሌላው ላይ ይደግመዋል። ኢንተርኔት ስለሚፈልግ በእኛ ሁኔታ ግማሽ መንገድ ነው።

ዘዴው ወጥመድ የለውም አልልም። ፋይሉ ከኔትወርክ የሚነበብ ከሆነ ጫኚው ቋንቋና ኪቦርድ የሚጠይቀው ኔትወርኩን ከማግኘቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ እነዚያን መልሶች በማስነሻው ትእዛዝ ላይ መስጠት ወይም ጥያቄዎቹን የሚያዘገየውን «አውቶ» የተባለ ቃል መጻፍ ያስፈልጋል። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው እዚህ ነው። የፓኬጅ ስም ላይ አንድ ፊደል መሳት ጭነቱን መሀል ላይ ሊያቆመው ይችላል። የይለፍ ቃልም በግልጽ መጻፍ የለበትም፤ ተመስጥሮ ይገባል።

ለመጀመር ባዶ ወረቀት ላይ መቀመጥ አያስፈልግም። አንዱን ማሽን በእጅ በደንብ ይጫኑት። የሬድ ሃት ጫኚ የሰጡትን መልስ ሁሉ በአስተዳዳሪው ማህደር ውስጥ ኪክስታርት አድርጎ ጽፎ ይተወዋል፤ ኡቡንቱ ከመዝገቦቹ ጋር ያስቀምጠዋል፤ ዴቢያን በአንድ ትእዛዝ ያወጣዋል። ከዚያ የማይፈለገውን መሰረዝ፣ የጎደለውን መጨመር፣ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ደጋግሞ መሞከር ነው። ዲስክ ለማጥፋት ማረጋገጫ የሚሰጠውን መስመር ግን መጨረሻ ላይ ያስገቡት። ያ መስመር ያለበት ፍላሽ በስህተት የሬጅስትራሩ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ቢያድር፣ ጠዋት መብራት መጥቶ ማሽኑ ከፍላሹ ሲነሳ የተማሪዎቹን ውጤት ማንንም ሳይጠይቅ ያጠፋዋል፤ መስመሩ ከሌለ ግን እዚያ ጥያቄ ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቃል።