ብስክሌት ነጂዎችና የመኪና ጭስ፦ የትኛው ማስክ ይጠቅማል?

በአዲስ አበባ በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ለብስክሌት የተለዩ መንገዶች በበርካታ ጎዳናዎች ዳር ተሠርተዋል። በእነዚህ መንገዶች የሚሄደውን ሰው ከመኪናው ጭስ የሚለየው ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ጠርዝ ድንጋይ ስፋት ነው። በመድኃኒት ቤት ስሠራ «ልጄ ሳይክል ሲነዳ የሚያደርገው ማስክ ስጪኝ» የሚሉኝ ወላጆች ያጋጥሙኛል። አብዛኞቹ በጣታቸው የሚያሳዩኝ በኮቪድ ጊዜ የለመዱትን ሰማያዊ ማስክ ነው። በተለይ ልጁ አስም ካለበት ይህ ምርጫ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ አይደለም።

ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። ፔዳል እየመታ ዳገት ሲወጣ ግን ከ40 ሊትር በላይ ሊደርስ ይችላል፤ ያውም በአፉ ጭምር። ስለዚህ ብስክሌት ነጂው አጠገቡ በታክሲ ውስጥ ከተቀመጠው ሰው ይልቅ ብዙ አየር፣ ከአየሩም ጋር ብዙ ጭስ ይስባል። ከጭሱ ውስጥ በጣም የሚያሳስበው ዐይን የማያየው ደቃቅ ብናኝ ነው። ይህ ብናኝ የሰውን ፀጉር ውፍረት 30 ቦታ ያህል ብንከፍለው ከአንዱ ክፋይ አይበልጥም፤ ከሳንባ ጥልቅ ክፍል ይደርሳል፣ ከፊሉም ወደ ደም ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል፤ ቀድሞ ያስቀመጠው መጠን 10 ነበር።

ሰማያዊው ማስክ የተሠራው በዋናነት ከባለቤቱ አፍ የሚወጣውን ፍንጣቂ ለመያዝ ነው። ጎኖቹ ክፍት ስለሆኑ ጭሱ በጉንጭ በኩል ዞሮ ይገባል። ሻርፕ ወይም ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠምም የመንገዱን አቧራ ይቀንስ እንጂ ደቃቁን ብናኝ በደንብ አያስቀርም። ለዚህ የሚሆኑት ኤን 95፣ ኬኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚል ምልክት ያለባቸው ናቸው። 95 የሚለው ቁጥር በፍተሻ ጊዜ ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆነውን ብናኝ መያዙን ያመለክታል። ይህ የሚሠራው ግን ማስኩ ከፊት ቆዳ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። አድርገውት በኃይል ይተንፍሱ፤ አየሩ ወደ ዐይንዎ ከወጣ የአፍንጫውን ሽቦ እንደገና ይጫኑት።

ጢም ያላችሁ ወንድሞች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጢም በማስኩና በቆዳው መካከል ክፍተት ስለሚፈጥር ውዱም ማስክ ጥቅሙ ይቀንሳል። ተላጩ ማለቴ አይደለም፤ በማስኩ ብቻ ተማምናችሁ ከአውቶቡስ ኋላ አትሂዱ ነው የምለው። ሒጃብ የምትለብሱ እኅቶች ደግሞ የማስኩ ጠርዝ በጨርቁ ላይ ሳይሆን በቆዳችሁ ላይ ይረፍ። በጭንቅላት ዙሪያ የሚታሰረው ዓይነት ይመቻል፤ ማሰሪያው ከሒጃቡ በላይ ቢውል ችግር የለውም። (የሒጃቡን ጫፍም ሰብስባችሁ ያዙት፤ ጎማ ውስጥ ከገባ ከጭሱ የባሰ አደጋ ያመጣል።)

ሌላው የሚረሳ ነገር ጋዝ ነው። እነዚህ ማስኮች ብናኝ ይይዛሉ እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀሩም። የከሰል ሽፋን ያላቸው አንዳንድ ሽታዎችን ስለሚቀንሱ ሰው የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም የለው፣ በከሰሉም አይያዝም። ከዚህ የሚያድነው ርቀት ነው። በትራፊክ መብራት ላይ ከማርሚታ ኋላ አይቁሙ፤ ወይ ቀደም ብለው ፊት ይውጡ፣ ወይ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ይቅሩ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ ካለ፣ 5 ደቂቃ ቢያስረዝምም እሱን ይምረጡ። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ መልካም ነው፤ ቀድመው የገቡት ግን አሁንም መንገድ ላይ ናቸው።

ማስኩን በሳሙና አይጠቡት፣ በአልኮልም አይጥረጉት፤ ብናኝ የሚስበው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ይጠፋል። ሲርስ፣ ሲቆሽሽ ወይም መተንፈስ ሲከብድ ይቀይሩት።

አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ማስክ አድርጎ ዳገት ከመውጣቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ባለ አስም ከሆነም የታዘዘለት ሳልቡታሞል በቦርሳው ሳይሆን በኪሱ ይሁን። ደረቱ ከተጨነቀ ወርዶ ከመኪናው መንገድ ይራቅ፣ ማስኩን ያውልቅ፣ መድኃኒቱን በታዘዘው መጠን ይሳብ፤ ካልተሻለው ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።