ስለ ጣፋጭ ሽቱ፤ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚቀቡት

ሰው ወደ አንድ ስፍራ በገባ ጊዜ ከሰላምታው አስቀድሞ የሚደርሰው መዓዛው ነው። ልብሱ የጸዳ፥ ንግግሩም የታረመ ቢሆን እንኳ፥ ሽቱው ከመጠን ያለፈ እንደ ሆነ የተቀመጠው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት ይመልሳል፤ መዓዛው በልክ የሆነ እንደ ሆነ ግን ገና ሳይናገር ይወደዳል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን፥ በዚህ ዘመን ከውጭ አገር እየመጣ በወጣቶቻችን ዘንድ እጅግ ስለ ተወደደው፥ እንደ አበባ ሳይሆን እንደ ቫኒላ፥ እንደ ካራሜላና እንደ ማር ስለሚሸተው ጣፋጭ ሽቱ ጥቂት ቃል ለማቅረብ አስበናል።

ፈረንሳዮች ይህን ዓይነት ሽቱ «ጉርማን» ይሉታል፤ ትርጓሜውም መብል ወዳድ ማለት ነው። ታሪኩን በአጭሩ ብናወሳ ለአንባቢዎቻችን የሚጠቅም ይመስለናል፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቫኒላ የሜክሲኮ ተክል ነው፤ ከአገሩ ወጥቶ በተተከለበት ስፍራ ግን ብዙ ዘመን ፍሬ ሳይሰጥ ቈየ። በ1841 ዓ.ም. በሬዩኒዮን ደሴት በባርነት የነበረ ኤድሞን አልቢዩስ የሚባል የ12 ዓመት ልጅ አበባውን በእጅ የማዳቀል ዘዴ ስላገኘ፥ ተክሉ በሌላ አገር ሊለማ ቻለ። በ1874 ዓ.ም. ደግሞ ቲማንና ሃርማን የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን የኬሚስትሪ ሊቃውንት የቫኒላን መዓዛ ዋና ፍሬ ነገር፥ ይኸውም ቫኒሊንን፥ ከጥድ ወገን ዛፍ ከሚገኝ ነገር አወጡት። ከዚህ የተነሣ ጌርላን የተባለው የፓሪስ ሽቱ ቤት በ1889 ዓ.ም. «ዢኪ»ን፥ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «ሻሊማር»ን ለማውጣት ተቻለው። በዚያም ዘመን የአውሮፓ ሽቱ ቀማሚዎች መዓዛቸው እንዲጸና ከአገራችን በቀንድ ታሽጎ ይላክላቸው የነበረውን ዝባድ ይጨምሩበት ነበር።

ይሁን እንጂ እውነተኛው የጣፋጭ ሽቱ ዘመን የተከፈተው በ1992 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቲየሪ ሙግለር የተባለው የልብስ ሥራ ቤት «ኤንጄል» የሚባል ሽቱ አወጣ፤ ከቀማሚዎቹም ዋናው ኦሊቪዬ ክሬስፕ ነበር። በዚህ ሽቱ ውስጥ ኤቲል ማልቶል የሚባል፥ ምጣድ ላይ የቀለጠ ስኳርን የሚሸት ነገር በብዛት ገባበት። ማልቶል የሚለው ስም የተወሰደው ከብቅል ነው፤ ብቅል በተቆላና የዳቦ ቅርፊት በጠቈረ ጊዜ የሚሸተው ጣፋጭ ሽታ የእርሱ ነውና። እንግዲህ ሰው በብዙ ገንዘብ የሚገዛውን ይህን መዓዛ የጠላ ጠማቂ እናቶቻችን በጓዳቸው ሲያውቁት ኖረዋል ማለት ነው። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ቀማሚው ስኳሩን ብቻውን አልተወውም። ፓቹሊ የሚባል፥ እርጥብ አፈርና እንጨት የሚሸት የእስያ ቅጠል ዘይት አብዝቶ ጨመረበት። ጣፋጩ መራራ ደጋፊ ባያገኝ ኖሮ ሽቱው እንደ ከረሜላ ቤት በሸተተ ነበር።

ይህን ነገር በዓይናችን፥ ይልቁንም በአፍንጫችን፥ ያየነው በመቐለ ከተማ በሓወልቲ ነው። ሓወልቲ ስሙን ያገኘው በዚያ ከቆመውና ከሩቅ ከሚታየው ረጅም የሰማዕታት ሐውልት ነው። በዚያ ሠፈር በአንድ ቤት ለሠርግ ዝግጅት በተጠራን ጊዜ በእናትና በሙሽራ መካከል ክርክር ተነሥቶ አገኘን። የሙሽራዪቱ ወንድም ከሚኖርበት የባዕድ አገር አንድ ጠርሙስ ጣፋጭ ሽቱ ልኳል፤ ሽቱውም በጥቂት በጥቂቱ እየቀመሙ በውድ ዋጋ ከሚሸጡት ትንንሽ ሽቱ ቤቶች በአንደኛው የተሠራ ነው። የቤቱን ስም ማስታወቂያ እንዳይሆንብን ትተነዋል። እናቲቱ በአገሩ ልማድ ሙሽራዪቱ በዕጣን በታጠነ ልብስ እንድትወጣ ይፈልጋሉ። ጠርሙሱን ከፍተው ቢያሸቱት፥ «ልጄ፥ አልከፋም፤ ነገር ግን ሙሽራ ነሽ እንጂ ኬክ አይደለሽም» አሏት። እርስዋም፥ «አደይ፥ ወንድሜ በሰው አገር በላቡ የገዛው ነው፤ ለሠርጌ መምጣት እንኳ አልተቻለውም። ባልቀባው እርሱን ከሠርጌ እንዳስቀረሁት እቈጥረዋለሁ» ብላ መለሰች፤ ዓይንዋም እንባ አቀረረ።

እኛም ነገሩ የሽቱ ብቻ አለመሆኑን ስላየን፥ ፍርዱ እስከ ማግሥቱ እንዲቈይ ለመንን። ከጧቱ በ3 ሰዓት ሙሽራዪቱ በእጅዋ አንጓ ላይ አንድ ጊዜ ረጨችው፤ አንድ ጊዜም በቍራጭ ነጭ ሻሽ ላይ ተረጨ። በመጀመሪያ አልኮሉ አፍንጫን መታ፤ ቀጥሎ ሊያርር የቀረበ ስኳር ሸተተ። በዚያች ደቂቃ ፈርደን ቢሆን ኖሮ እናቲቱ በረቱ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ስኳሩ ወደ ኋላ ብሎ የፈላ ወተትና ቫኒላ የሚመስል ለስላሳ መዓዛ ወጣ። በቀትር ሙሽራዪቱ ሽቱው ጠፋ ብላ ልትጨምር ጠርሙሱን አነሣች፤ እኛ ከበር የገባን ሰዎች ግን ቤቱን ሞልቶት አገኘነው። ጠፋ ያለችው ሽቱው ሳይሆን የለመደው አፍንጫዋ ነበረ።

ከቀትር በኋላ ቡና ተቆላ፤ በገሉ ፍም ላይም ነጭ ዕጣን ተጨመረ። ያን ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። የዕጣኑ ጢስ ብርቱካን ብርቱካን የሚል፥ ጥቂትም የሚመርር ሽታውን ይዞ በቤቱ ውስጥ በተዘረጋ ጊዜ፥ እስከዚያ ሰዓት የሰለቸን ጣፋጭነት ደጋፊ አገኘ። እናቲቱ የልጃቸውን እጅ ሁለተኛ ስበው አሸተቱና ዝም አሉ። በማግሥቱ ጧት ሻሹ ገና መዓዛውን ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ ከጥቂት ቀን በኋላ ሽቱው ያረፈበት ስፍራ ብጫ ሆኖ ተገኘ፤ ቫኒሊን ብርሃንና አየር ሲያገኘው ይጠቍራልና። ይህ በሠርግ ቀን በነጭ ቀሚስ ላይ ደርሶ ቢሆን ኖሮ ኀዘኑ ከባድ በሆነ ነበር።

ፍርዱን የሰጡት እናቲቱ ራሳቸው ናቸው። «ቀሚስሽን እኔ በዕጣን አጥነዋለሁ፤ የወንድምሽንም ሽቱ ከልብሱ በታች በገላሽ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ትቀቢያለሽ» አሉ። በሠርጉም ዕለት እንዲሁ ተደረገ፤ ወንድሟም ይህንን በስልክ በሰማ ጊዜ ከሩቅ ሳለ በሠርጉ ላይ እንደ ተገኘ ቈጠረው።

ከዚህ በመነሣት ለአንባቢዎቻችን የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን። ጣፋጭ ሽቱ ሊገዛ የሚሻ ሰው በሱቅ ውስጥ በወረቀት ላይ አሽትቶ ወዲያው ገንዘቡን አይክፈል፤ በገላው ላይ ረጭቶ ይሂድ፥ ከ6 ሰዓት በኋላም የቀረውን መዓዛ ይመርምር፤ ከሰው ጋራ የሚውለው ያ የቀረው ነውና። ሁለቱን አንጓ አያፋትግ። አንዱን ሳይጨርስም ሦስትና አራት ሽቱ እያከታተለ አያሽት፤ አፍንጫ እንደ ምላስ ይደክማል። ጠፋ ብሎ ከመጨመሩ በፊት በቅርቡ ያለውን ሰው ይጠይቅ። በነጭ ነጠላና በጥበብ ቀሚስ ላይ አይርጭ። ሽቱ አልኮል ስለ ሆነ ከፍምና ከሻማ አጠገብ ፈጽሞ አይረጭ። ጠርሙሱ ፀሐይና ሙቀት በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። ወደ ለቅሶ ቤትና ወደ ሕሙማን መኝታ ግን ጣፋጭ ሽቱ ተቀብቶ መሄድ አይገባም፤ ለሠርግ የሚያምር ነገር በዚያ ድፍረት ይሆናልና።

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገራለን። በዚያ ቤት ጣፋጩን ሽቱ ከመሰልቸት ያዳነው ዕጣን የበቀለው በሩቅ አገር አይደለም። ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባለው የዕጣን ዛፍ በዓበርገለና በምዕራብ ትግራይ፥ በመተማና በሌሎችም ቆላማ የኢትዮጵያ አገሮች ይገኛል፤ ብርቱካን የሚመስለውን ሽታ የሚሰጠውም በውስጡ በብዛት ያለው ኦክቲል አሲቴት ነው። ይህ ዕጣን የሚበዛው ጥሬውን ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። ዛፉ ግን በጭንቅ ላይ ነው። በ2019 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ የሊቃውንት ጥናት እንደሚያስረዳው፥ ከተመረመሩት የዕጣን ዱሮች በብዙዎቹ ወጣት ዛፍ አልተገኘም፤ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለም የዕጣኑ ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በእኩሌታ ይቀንሳል። ምክንያቱም ዛፉ ሳያርፍ ደጋግሞ መቈሰሉ፥ ቡቃያውን እሳት ማቃጠሉና ከብት መብላቱ፥ ግንዱንም ጥንዚዛ መቦርቦሩ ነው።

ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያላችሁ፥ በቆላም ርስትና እርሻ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ይህን ነገር የሴቶች ጓዳ ወሬ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት እንለምናለን። የቈሰለ ዛፍ ጥቂት ዓመት ይረፍ፤ ቡቃያው በአጥር ይጠበቅ፤ ከብትም እንዳይገባበት ይከልከል። የባዕድ አገር ጠርሙስ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ይህ ዛፍ ያለ ተተኪ ከደረቀ ግን ልጆቻችን ለሠርጋቸው ቀሚስ የሚያጥኑበትን ከየት ያመጡታል?